ሂዬሮና የሌላ ሰው ወንበር

እሺ፣ ሰላም ናችሁ፤ ገብተናል። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ባለፈው ስለ ዝውውር መስኮቱ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር፤ ይቅርታ፣ ለሚቀጥለው አሳድሬዋለሁ። አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። «ደግሞ ተከላካይ?» የምትሉ አላችሁ። አዎ፣ ደግሞ ተከላካይ። ፈርናንዶ ሂዬሮ። ዓመቶቹን እንደተለመደው በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ተጫዋቹን ሂዬሮ ታውቁታላችሁ፣ እሱ ላይ ጊዜ አልፈጅም። በላሊጋ ለማድሪድ 439 ጨዋታ፣ 102 ጎል። ሦስት ቻምፒየንስ ሊግ። ለስፔን 89 ጨዋታ፣ 29 ጎል። እኔን የሚከነክነኝ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ያለው ሂዬሮ ነው፤ ቢሮ የገባው። ከዚያም ውስጥ አንድ ቀን። ረቡዕ፣ ጁን 13፣ 2018። ክራስኖዳር።

ቀስ ብለን እንየው። ዚዳን ሜይ 31 ማድሪድን ለቀቀ። ስፔን ለዓለም ዋንጫ ሩሲያ ገብታለች፣ ካምፗ ክራስኖዳር ነው። ማክሰኞ ጁን 12 ሪያል ማድሪድ መግለጫ አወጣ፦ ቀጣዩ አሰልጣኛችን ሁሌን ሎፔቴጊ ነው፣ ለሦስት ዓመት። ሎፔቴጊ ማለት በዚያች ሰዓት የስፔን አሰልጣኝ ነው! 20 ጨዋታ አልተሸነፈም፤ 14 አሸንፎ 6 አቻ። ውሉን ከፌዴሬሽኑ ጋር እስከ 2020 ካደሰ ሦስት ሳምንት ቢሆነው ነው። የፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሩቢያሌስ ደግሞ ከተመረጠ ገና አንድ ወር አልሞላውም፤ ለፊፋ ጉባኤ ሞስኮ ነበር። መግለጫው ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው የሰማሁት ብሏል። ተነስቶ ክራስኖዳር በረረ፤ በማግስቱ ሎፔቴጊን አሰናበተ። ከፖርቱጋል ጋር የሚደረገው ጨዋታ ዓርብ ነው። ሁለት ቀን።

ወንበሩም ለሂዬሮ ተሰጠ።

ሂዬሮ እዚያ የተገኘው በስፖርት ዳይሬክተርነት ነው፤ ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ። የስፖርት ዳይሬክተር ሥራ በብሔራዊ ቡድን ሲሆን ምን እንደሆነ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። በክለብ ቢሆን ገበያ ወጥቶ ተጫዋች ይገዛል። በፌዴሬሽን ግን የሚገዛው ነገር የለም። ያለው ሰው ነው፣ ጊዜ ነው፣ ቦታ ነው። ለዋናው ቡድን አሰልጣኝ ያጫል፣ ከታች ያሉት የወጣት ቡድኖች ከላዩ ጋር እንዲናበቡ ያደርጋል፣ የወዳጅነት ጨዋታ ከማን ጋር እንደሚሆን ይነጋገራል፣ ክለቦች ተጫዋቻቸው ሲጎዳ ስልኩን የሚያነሳው እሱ ነው። ዋናው ሥራው ደግሞ አሰልጣኙ ከሜዳው ውጭ ስላለው ነገር እንዳያስብ መጋረጃ መሆን ነው። ይህ ሥራ በደንብ ሲሠራ ማንም አያየውም።

ይኸው ሰው ከ2007 እስከ 2011 በዚያው ፌዴሬሽን ይኸንኑ ሥራ ሠርቷል። በ2008 አውሮፓ ዋንጫ፣ በ2010 ዓለም ዋንጫ። አሰልጣኙ አራጎኔስ ሲሄድ ዴልቦስኬ የመጣው ሂዬሮ ቢሮው ውስጥ እያለ ነው። እዚህ ጋ ሁሌም ቆም እላለሁ። ጁን 2003 ማድሪድ ላሊጋውን ባሸነፈ ማግስት ሁለት ሰዎች ውላችሁ አይታደስም ተብለው ተሸኙ፤ አሰልጣኙ ዴልቦስኬና አምበሉ ሂዬሮ። በአንድ ቀን። ከሰባት ዓመት በኋላ ጆሃንስበርግ ላይ አንዱ በአሰልጣኝነት አንዱ በዳይሬክተርነት ዋንጫ አነሱ። የ2010ን ቡድን ስናነሳ ኢንየስታን፣ ዣቪን፣ ካሲያስን እንጠራለን። ሂዬሮን የሚጠራ ስንት አለ? ትክክልም ነው፤ ሥራው እንደዚያ ነው።

እንግዲህ ክራስኖዳር ላይ የሆነው ይህ ነው። መጋረጃው ራሱ ተነስቶ መድረኩ ላይ ቆመ። ድንኳን ተተክሎ፣ ጠጁ ደርሶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሙሽራው ሲባረር ሚዜውን «አንተ ግባ» እንደማለት ነው። በአሰልጣኝነት የነበረው ልምድ ምንድነው? በማድሪድ 2014-15 የአንቼሎቲ ምክትል። ከዚያ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ሪያል ኦቪዬዶ፣ አንድ የውድድር ዘመን፤ ለማደጊያው ጨዋታ እንኳን አልበቁም። በቃ።

ግን ሌላ ማን ነበር? ይህን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ከውጭ የሚመጣ አሰልጣኝ 23ቱን ስም መንካት አይችልም፣ ዝርዝሩ ተዘግቷል። የተጫዋቾቹን የድካም መጠን አያውቅም፣ ልምምዱ ሳምንቱን እንዴት እንደተከፋፈለ አያውቅም። ሂዬሮ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ራሞስም ፒኬም ያከብሩታል። ካርሎስ ማርቼናን አጠገቡ አስቀመጠ፤ የ2008ቱ ተከላካይ። ሶቺ ላይ ከፖርቱጋል ጋር ቡድኑን ብዙም አልነካካውም። ካርቫሃል ተጎድቶ ስለነበር ናቾ በቀኝ። 3 ለ 3። ከዚያ ኢራንን 1 ለ 0፣ ከሞሮኮ ጋር 2 ለ 2። ምድቡን በአንደኝነት።

እና ሉዥኒኪ፣ የሞስኮው ስታዲየም፤ ጥሎ ማለፍ፣ ከአዘጋጇ ሩሲያ ጋር። ጁላይ 1፣ እሁድ። የሞስኮ ሰዓት ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ነው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት።

ያቺን የመጀመሪያ አሰላለፍ ተመልከቱልኝ። ከሞሮኮው ጨዋታ ሦስት ሰው ቀየረ። ናቾ በካርቫሃል ፋንታ፣ ኮኬ በቲያጎ ፋንታ፣ አሴንሲዮ በኢንየስታ ፋንታ። ኢንየስታን ተጠባባቂ ወንበር ላይ! እኔ ለዓመታት «ሂዬሮ እንደ ዳይሬክተር ነው ያሰለጠነው፣ ያገኘውን ጠብቆ ለማቆየት ነው የሞከረው» ስል ነበር፤ እዚህም ብያለሁ። ያ አሰላለፍ ግን ይህን አባባል ያፈርስብኛል። ጠባቂ ሰው ኢንየስታን አያስቀምጥም። ያ የአሰልጣኝ ውሳኔ ነው፣ ደፋር ውሳኔ። ምናልባትም የተሳሳተ። ምናልባት።

በ12ኛው ደቂቃ አሴንሲዮ ቅጣት ምት ወደ ሩቁ ቋሚ አሻገረ፤ ራሞስና የሩሲያው ተከላካይ ኢግናሼቪች ተያይዘው ሲወድቁ ኳሷ በኢግናሼቪች ተረከዝ ገባች። 1 ለ 0። ስፔኖችን ይህ ጎል ነው የጎዳቸው ብዬ አምናለሁ። ሩሲያ አምስት ሰው ከኋላ ደርድራለች፤ ከተቆጠረባትም በኋላ አልወጣችም። ስፔን ደግሞ እየመራች ስለሆነ ለመክፈት አልቸኮለችም። ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። በጨዋታው ሁሉ ከ1,000 በላይ የተሳካ ቅብብል። አምስት ተከላካይ በቅብብል ብቻ አይከፈትም፤ ኳስ ሳይዝ ከኋላቸው የሚሮጥ ሰው ያስፈልጋል፣ ወይም መስመር ላይ ሁለት ለአንድ የሚፈጥር። ናቾ በተፈጥሮው የመሀል ተከላካይ ነው፣ ቀኙን ጥጉ ድረስ አይዘልቀውም። ስለዚህ ስፋቱ በግራ በአልባ ብቻ ሆነ፤ ሩሲያዎቹም አወቁት። በ41ኛው ከማዕዘን ምት የዚዩባ የግንባር ኳስ የፒኬን የተነሳ እጅ መታች፤ ራሱ ዚዩባ ፍጹም ቅጣት ምቱን አገባ።

ከዚያ ጥበቃ። ኢንየስታ በ67ኛው ገባ፣ ካርቫሃል በ70ኛው፣ አስፓስ በ80ኛው። ሮድሪጎ በ104ኛው፣ አራተኛ ቅያሪ፤ ለጭማሪ ሰዓት የተፈቀደው አዲሱ ሕግ። ሮድሪጎ እንደገባ ያ የጠፋው ከኋላ የሚሮጥ ሰው መጣ፣ ወዲያው አስደነገጣቸው። በ104ኛው! ታዲያ በ60ኛው ቢሆንስ?

መለያ ምት። ኢንየስታ አገባ፣ ፒኬ አገባ፣ ኮኬን የሩሲያው ግብ ጠባቂ አኪንፌቭ አዳነበት፣ ራሞስ አገባ፣ አስፓስ... አኪንፌቭ ወድቆ እያለ በእግሩ መለሳት። 4 ለ 3 ሩሲያ። ለሩሲያ አራተኛውን የመታው ቼሪሼቭ ነው፤ ማድሪድ ያደገ ልጅ።

ቼሪሼቭን ካነሳን አይቀር። ዲሴምበር 2፣ 2015፣ የስፔን ጥሎ ማለፍ ዋንጫ ኮፓ ዴል ሬይ፣ ካዲዝ ሜዳ። በውሰት ቪያሪያል እያለ ባለፈው ዘመን በኮፓው ሦስት ቢጫ አይቷል፤ የአንድ ጨዋታ ቅጣቱ ደግሞ ወደሚቀጥለው ዘመን ይሻገራል። ማድሪድ ያንን ሳያይ አሰለፈው። በ3ኛው ደቂቃ ጎል አገባ፣ ከእረፍት በኋላ ወዲያው ተቀየረ፣ ማድሪድ 3 ለ 1 አሸነፈ፤ ከውድድሩም ተባረረ። ሦስተኛ ዲቪዚዮን ያለው ካዲዝ አለፈ። ክለቡ «በግል አልተነገረንም» ቢልም አልሆነም። ሂዬሮ ያኔ እዚያ አልነበረም። ይህን የማነሳው የቢሮ ሥራ ስህተቱ ሲወጣ ብቻ እንደሚታይ ለማሳየት ነው። አንድ ሰው ዝርዝሩን ከሰነዱ ጋር ቢያመሳክር፣ ሃያ ደቂቃ ነው...

ማላጋም እንደዚያው ነው። የሂዬሮ የትውልድ አገር፤ ቬሌዝ-ማላጋ ነው የተወለደው። በ2011 ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሄደ። የሼኽ አብዱላህ አልታኒ ገንዘብ፣ ካዞርላ፣ ቱላላን፣ ሆአኪን፣ ወጣቱ ኢስኮ። 4ኛ ሆነው ጨረሱ፣ ክለቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ቻምፒየንስ ሊግ ገባ። እሱም ሜይ 2012 ለቀቀ። ሰው «በሞቀበት ለምን ወጣ?» አለ። በዚያው ክረምት ደመወዝ ዘገየ፣ ካዞርላ ወደ አርሰናል ተሸጠ፣ በዲሴምበር ደግሞ ዩኤፋ ባልተከፈለ ዕዳ ምክንያት ክለቡን ከአውሮፓ ውድድር አገደ፣ 300,000 ዩሮም ቀጣ። የገንዘቡ ምንጭ አንድ ሰው ኪስ ሲሆን ውል የሚፈርመው ዳይሬክተር በሌላ ሰው ቃል ነው የሚምለው። ያየውን አይቶ ወጣ እላለሁ፤ ማረጋገጫ ግን የለኝም።

በኋላ በዳይሬክተርነት የሄደበት የሜክሲኮው ቺቫስ ላይ ብዙ አልልም፤ ሜክሲኳዊ ብቻ የሚያሰልፍ ክለብ ነው፣ ገበያው ከመጀመሪያው ጠባብ ነው። በ2023 ፍጻሜ ደርሰው፣ በሜዳቸው 2 ለ 0 መርተው፣ በጭማሪ ሰዓት በቲግሬስ 3 ለ 2 ተሸነፉ። ከዚያ የሳዑዲው አልናስር። ሌላ ቀን።

እኔ የምመለሰው ወደ ሉዥኒኪ ነው። ሂዬሮ በአራት ጨዋታ በመደበኛም በጭማሪም ሰዓት አልተሸነፈም። በ2002 አምበል ሆኖ ኮሪያን በሜዳዋ ገጥሞ በመለያ ምት ወጣ፤ የመጀመሪያዋን መትቶ አግብቶ ነበር። በ2018ም አዘጋጇን አገር፣ በመለያ ምት። ጁላይ 8 ፌዴሬሽኑ አስታወቀ፦ ሂዬሮ ወደ ስፖርት ዳይሬክተርነቱ መመለስ አልፈለገም፣ ይሰናበታል። ቢሮው ክፍት ነበር እኮ! ያ ነው የሚያሳዝነኝ። ለሌላ ሰው ጥፋት፣ ወይም ለሌላ ሰው ቁጣ፣ የራሱን ሥራ ከፈለ። እምቢ ማለት ነበረበት? እምቢ ቢል ደግሞ «ቡድኑን በክፉ ቀን ጥሎ ሄደ» ይባል ነበር። አላውቅም። ትናንት «ነበረበት» ብዬ ነው ያደርኩት፤ ዛሬ ጠዋት ጨዋታውን መልሼ ሳየው ግን... ካሜራው በ66ኛው ደቂቃ ላይ ያሳየዋል፣ ኢንየስታ ሊገባ ማሊያውን እያስተካከለ ነው፣ ሂዬሮ ደግሞ አጠገቡ ቆሞ... እና ለምን ሲልቫን? የሚወጣው ሲልቫ ነው። ኮኬ መውጣት ነበረበት፣ ያኔ ኢንየስታ ከቡስኬትስ ጎን ወርዶ... አይ፣ ቆይ፣ እንደዚያ ከሆነ በመልሶ ማጥቃት ጎሎቪንን ማን ይይዘዋል...