አቤቱታችን ሴኔድ ይድረስ፤ በዌልስ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፤

ከሥራችሁና ከቤተሰባችሁ ጊዜ ቀንሳችሁ እዚህ ስለ ተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማነሳው ጉዳይ አንድ ነው። ዌልስ ውስጥ የምንኖር ኢትዮጵያውያን በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በመኖሪያ ቤት ጉዳይ የሚገጥመንን በደል ቡና ላይ አንስተን፣ «ምን ይደረጋል» ተባብለን የምንለያይበት ልማድ ይብቃን፤ አቤቱታችንን ለሕዝብ እንደራሴዎቻችን፣ ማለትም የዌልስ ፓርላማ ለሆነው ለሴኔድ አባላት፣ በጊዜውና በአግባቡ እናድርስ እላለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«እኛ ዜግነት የለንም፤ ማን ይሰማናል?» የሚል ሰው በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ልጀምር። ሴኔድ በ2020 ባወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜው 16 ዓመት የሞላው፣ በሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ዌልስ ውስጥ የሚኖር የውጭ አገር ዜጋ በሴኔድ ምርጫ ድምፅ መስጠት ይችላል። መብቱ በሥራ ላይ የዋለው ከ2021 ምርጫ ጀምሮ ሲሆን፣ በ2022 ደግሞ ለአካባቢ ምክር ቤቶች ምርጫም ተዳርሷል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘች፣ ጥገኝነቷ ተቀባይነት አግኝቶ የመኖሪያ ፈቃድ የተሰጣት እህታችን ለለንደኑ ፓርላማ መምረጥ ባትችልም፣ እዚህ ካርዲፍ ለሚቀመጠው ፓርላማ ግን ትመርጣለች ማለት ነው። ቅድመ ሁኔታው በመራጮች መዝገብ ላይ መመዝገብ ነው። የጥገኝነት ጥያቄያቸው ገና ያልተወሰነላቸው ወገኖቻችን ይህ መብት የላቸውም፤ ነገር ግን ችግራቸውን ለአንድ የምክር ቤት አባል ጽፎ ማሳወቅን የሚከለክላቸው ነገር የለም። አባሉ የሚያገለግለው በምርጫ ክልሉ የሚኖረውን ሰው ሁሉ እንጂ ካርድ ያወጣውን ብቻ አይደለም።

ይህ ምክር ቤት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። በ1997 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት፣ ምክር ቤቱ እንዲቋቋም የተወሰነው በ6,721 ድምፅ ብልጫ ብቻ ነበር። የዌልስ ሕዝብ በ2011 በሁለተኛ ሕዝበ ውሳኔ የሕግ ማውጣት ሥልጣኑን አሰፋለት። ዛሬ ጤና፣ ትምህርት፣ የመኖሪያ ቤትና የአካባቢ አስተዳደር በአብዛኛው በዚህ ምክር ቤት እጅ ናቸው። ኢሚግሬሽንና ጥገኝነት፣ ፖሊስና ፍርድ ቤት ግን ከዌስትሚንስተር፣ ማለትም ከለንደኑ ፓርላማ እጅ አልወጡም። ይህን ልዩነት አጥብቄ የማነሳው፣ ብዙ አቤቱታ ወደ ተሳሳተ ቢሮ እየሄደ ወራት ስለሚፈጅ ነው። የኢሚግሬሽንና የጥገኝነት ጉዳይ የሚወስነው የሆም ኦፊስ ውሳኔ የዘገየበት ሰው ለለንደኑ ፓርላማ አባል ይጻፍ፤ የሆስፒታል ቀጠሮው የተሰረዘበት ደግሞ ለሴኔድ አባል።

የአንድ ሕግ አውጪ ጥያቄ ምን ያህል ርቀት እንደሚሄድ ለማየት የአን ክሉይድን ሥራ መመልከት ይጠቅማል። እኒህ ሴት ከ1984 እስከ 2019 በዌልስ የሚገኘውን የከነን ቫሊን ሕዝብ ወክለው በዌስትሚንስተር የተቀመጡ፣ በ1994 የታወር የከሰል ማዕድን እንዳይዘጋ ከሠራተኞቹ ጋር ጉድጓድ ወርደው አልወጣም ያሉ ሰው ነበሩ። በ2003 የሴት ልጅ ግርዛትን የሚከለክለውን ሕግ ያቀረቡትም እሳቸው ናቸው። ቀድሞ የነበረው ሕግ ልጅቱን ወደ ውጭ አገር ወስዶ የሚያስገርዝን ሰው አይነካም ነበር፤ አዲሱ ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘጋ፣ ቅጣቱንም እስከ 14 ዓመት እስራት አደረሰው። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ከ2005 ጀምሮ ድርጊቱን በስም ጠቅሶ ይቀጣል። ለእኛ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በበጋ ዕረፍት ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት የሚሄዱ ሴት ልጆቻችንን በቀጥታ የሚጠብቅ ሕግ ነው።

የእኒሁ ሴት ባለቤት በ2012 ካርዲፍ ሆስፒታል ውስጥ ተኝተው ሲታከሙ አረፉ። እሳቸውም የባላቸው የመጨረሻ ቀናት ያለፉበትን የነርሶች ግዴለሽነት ደብቀው አላዘኑም፤ በአደባባይ ተናገሩ። ከ2,500 የሚበልጡ ሰዎች የራሳቸውን ታሪክ ጽፈው ላኩላቸው። መንግሥትም የሆስፒታል ቅሬታዎች የሚስተናገዱበትን መንገድ እንዲመረምሩ ሾማቸው፤ ሪፖርቱ በ2013 ወጣ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ባላቸው ያረፉት ዌልስ ውስጥ ሲሆን ምርመራው የሸፈነው የእንግሊዝን ሆስፒታሎች ነበር፤ ምክንያቱም የዌልስ ጤና አገልግሎት የሚጠየቀው እዚህ ካርዲፍ ነው። በዌስትሚንስተር ለብዙ ዓመታት የቆዩ ሰው እንኳ ይህን ድንበር መሻገር ካልቻሉ፣ እኛማ የቱ ጉዳይ የየትኛው ምክር ቤት እንደሆነ ለይተን ማወቅ ግዴታችን ነው።

በሴኔድ በኩል ደግሞ እስከ 2021 አባል የነበሩት ከርስቲ ዊሊያምስ አሉ። ከተቃዋሚ ወንበር፣ ያውም ከትንሽ ፓርቲ፣ ሆስፒታሎች በቂ ነርስ እንዲመድቡ የሚያስገድድ የሕግ ረቂቅ በግላቸው አቀረቡ። በ2016 ጸደቀ፤ በአውሮፓም የመጀመሪያው የዚህ ዓይነት ሕግ ሆነ። ሕጉ የየአካባቢውን ሆስፒታሎች የሚያስተዳድሩት የጤና ቦርዶች በአዋቂዎች የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ክፍሎች ስንት ነርስ እንደሚያስፈልግ እንዲያሰሉ፣ ያንን ቁጥር ለመጠበቅ ተገቢውን ሁሉ እንዲያደርጉና ለሕመምተኞችም እንዲያሳውቁ ያዛል። በ2021 የሕፃናት ክፍሎችም ተጨመሩበት። በመካከላችን በነርስነትና በረዳት ነርስነት ሌሊት ቆማችሁ የምታድሩ ብዙ ናችሁ፤ ይህ ሕግ የእናንተም የሥራ መብት ነው። ቁጥሩ ሲጎድል ማን ሊጠየቅ እንደሚገባ ከሁሉ በላይ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

አሁን በጣም ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። አንዲት እናት በደረቷ ያገኘችውን እብጠት ለሐኪም ልታስረዳ የአሥር ዓመት ወንድ ልጇን ይዛ ትገባለች። ልጁ አማርኛው የቤት አማርኛ ነው፤ የሕክምና ቃል አያውቅም፤ እናትም ልጇ ፊት ሁሉን አትናገርም። ሐኪሙ በስምንት ደቂቃ ውስጥ የሰማውን ግማሽ ጽፎ ያሰናብታታል። ይህን የመሰለ ነገር በእናንተ ቤት አልደረሰም የምትሉ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። አስተርጓሚ እንዲቀርብላት መጠየቅ የእናቲቱ መብት ነው፤ ዋጋውንም እሷ አትከፍልም። የሴኔድ አባላት ራሳቸው በዌልስኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ዌልስኛ የማይሰማው ማዳመጫውን አድርጎ ትርጉሙን ይከታተላል። ከእነዚህ ሰዎች ይልቅ በራስ ቋንቋ መሰማት ምን ማለት እንደሆነ የሚረዳ ሕግ አውጪ የት ይገኛል?

በቋንቋ መቸገር ሰውን ምን ላይ እንደሚጥል ይህች ከተማ ታውቃለች። ከሴኔድ ሕንፃ በቅርብ ርቀት፣ ቢውታውን ሠፈር ይኖር የነበረው ሶማሌው መርከበኛ ማህሙድ ማታን፣ እንግሊዝኛው ውስን የነበረ የጎረቤታችን ልጅ፣ ባልሠራው ግድያ በ1952 በካርዲፍ እስር ቤት ተሰቀለ። ባለቤቱና ልጆቹ ሲከራከሩ ኖረው ፍርዱ የተሻረው በ1998 ነው። 46 ዓመት የቆየ አቤቱታ ለሟቹ ምንም አልጠቀመውም። ለዚህ ነው «በጊዜው» የምለው።

መንገዱም ከቀድሞው ይልቅ ተከፍቷል። የዌልስ የሕዝብ እንባ ጠባቂ በ2019 በወጣው ሕግ መሠረት አቤቱታን በቃልም መቀበል ይችላል፤ ማንም ሳይከስ በራሱ ተነሣሽነት መመርመርም ተፈቅዶለታል። እንግሊዝኛ መጻፍ ለማይችሉ እናቶቻችን ይህ ትልቅ ነገር ነው። አስቀድሞ ግን ለሆስፒታሉ ወይም ለካውንስሉ ማመልከት ያስፈልጋል፤ እንባ ጠባቂው በአብዛኛው የሚቀበለውም ችግሩ ከታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሰውን ነው። ለሴኔድ አባል ስትጽፉ ደግሞ ቀኑን፣ የሆስፒታሉንና የክፍሉን ስም፣ የደረሳችሁን ደብዳቤ ኮፒ አያይዙ። «አገልግሎቱ መጥፎ ነው» የሚል ደብዳቤ መልስ አያገኝም፤ «በዚህ ቀን አስተርጓሚ ተጠይቆ አልመጣም» የሚል ደብዳቤ ግን ለሚኒስትሩ የሚቀርብ ጥያቄ ይሆናል። ከዚህ በተጨማሪ 250 ፊርማ ያሰባሰበ አቤቱታ በሴኔድ የአቤቱታ ኮሚቴ ይታያል፤ ይህን ያህል ፊርማ ከአንድ የበዓል ቀን ቅዳሴ መልስ ይሰበሰባል።

ስለዚህ አንድ ጥያቄ አርቅቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ በየምርጫ ክልላችን ላሉ አባላት ሁሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ እንዲላክ እጠይቃለሁ። እንዲህ ይነበባል፦ «በዌልስ ያሉት ሰባቱ የጤና ቦርዶች ባለፈው ዓመት አስተርጓሚ ባለመገኘቱ የተሰረዙ ወይም በልጆች አስተርጓሚነት የተካሄዱ ቀጠሮዎችን ቁጥር ይመዘግባሉ ወይ? የሚመዘግቡ ከሆነ ቁጥሩ ስንት ነው? የማይመዘግቡ ከሆነ መንግሥት እንዲመዘግቡ የሚያዘው መቼ ነው?» በቃላቱ ላይ ማስተካከያ ያላችሁ አሁኑኑ ተናገሩ፤ በራሳችሁ ላይ የደረሰ ያላችሁም ቀኑንና ደብዳቤውን ይዛችሁ ከስብሰባው በኋላ ወደ ጸሐፊው ቅረቡ። አመሰግናለሁ።