ያረጀ የመኪና ሰብዉፈር ይጠገናል ወይስ ይጣላል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ክፍለ ጊዜ በስልክ የደረሱን ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ፣ በሰብዉፈር (ቤዙን በሚያወጣው ትልቅ ድምፅ ማጉያ) ጥገና ዙሪያ ስለተሰበሰቡ፣ የድምፅ መሣሪያ ጥገና ባለሙያችን የሰጧቸው መልሶች እንደሚከተለው በጽሑፍ ቀርበዋል።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ውስጥ ያለው ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር ከ15 ዓመት በላይ አገልግሏል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቤዙ ከፍ ሲል የተቀደደ ነገር የሚርገበገብ የሚመስል ድምፅ ያሰማል። መሸፈኛውን አንሥቼ ዳሩን በጣቴ ብነካው ስፖንጁ ተፈረፈረ። ያሳየሁት ሰው «አብቅቶለታል፣ አዲስ ግዛ» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ አላበቃለትም። የዳሩ ስፖንጅ ፖሊዩሬቴን ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠራ ሲሆን፣ እርጥበት፣ ሙቀትና የፀሐይ ብርሃን ቀስ በቀስ ስለሚያፈራርሱት፣ ሰብዉፈሩ ቢሠራም ሳይሠራ ቢቀመጥም ከዓመታት በኋላ መበስበሱ አይቀርም። ማግኔቱና የብረት ፍሬሙ፣ ብዙ ጊዜም ኮይሉ (ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት የሽቦ ጥቅል)፣ ከስፖንጁ በኋላ ለረጅም ዘመን ይቆያሉ። የእርስዎ ሰብዉፈር ኮይሉ ደኅና ከሆነ፣ የሞተው ከመላው ዕቃ ርካሹ ክፍል ብቻ ነው ማለት ነው።

ሆኖም እስኪጠገን ድረስ አያጫውቱት። ስፖንጁ ኮኑን (እየተንቀሳቀሰ ድምፅ የሚያወጣውን ሾጣጣ ክፍል) መሃል ላይ አቅንቶ የሚይዝ በመሆኑ፣ እርሱ ሲበጣጠስ ኮኑ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፤ ያን ጊዜ ከኮኑ ጋር የተያያዘው ኮይል በማግኔቱ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ብረቱን እየፋቀ ይሄድና፣ በሙጫና በስፖንጅ ይፈታ የነበረው ችግር ኮይል ወደ መቀየር ያድጋል።

አዲስ ስፖንጅ ሲፈልጉ «ባለ 12 ኢንች» ማለት አይበቃም፤ በዚህ ስም የሚጠሩ ሰብዉፈሮች ኮናቸው እኩል አይደለምና። የኮኑን ስፋት፣ የፍሬሙን የውስጥና የውጭ ስፋት፣ እንዲሁም የስፖንጁን እጥፋት ወርድ በሚሊሜትር ይለኩ። የነበረው ስፖንጅ ከሆነ በስፖንጅ ይተኩት። ጎማ ዕድሜው ቢረዝምም ክብደቱና ግትርነቱ ስለሚለይ፣ ሰብዉፈሩ የተሠራበትን የድምፅ ጠባይ ሊቀይረው ይችላል።

አሮጌውን ስፖንጅና ሙጫ በአልኮልና በስስ ምላጭ ያለ ችኮላ ያንሡ፤ ኮኑ ወረቀት ከሆነ አልኮሉን በጨርቅ አስነክቶ መጥረግ እንጂ ማራስ አይገባም። ከዚያ መሃል ላይ ያለውን ክብ ክዳን ዙሪያውን በጥንቃቄ ቆርጠው ያንሡና፣ በኮይሉና በመሃሉ ብረት መካከል ስስ የፕላስቲክ ቁራጮችን በአራት አቅጣጫ ያስገቡ። እነዚህ ቁራጮች ሙጫው እስኪደርቅ ኮይሉን መሃል ላይ ያቆሙታል። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ደረጃ ይዘሉታል፤ ተመልሰው የሚመጡልኝም አብዛኛውን ጊዜ እነርሱ ናቸው።

ስፖንጁን አስቀድመው ከኮኑ ጋር ያጣብቁ፤ ሲይዝ ከፍሬሙ ጋር ያጣብቁት። ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው ከደረቀ በኋላም የሚለጠጥ፣ ለድምፅ ማጉያ ጥገና የተዘጋጀ ሙጫ ነው። በሰከንዶች የሚይዘው ፈጣን ሙጫ እንደ ብርጭቆ ስለሚደርቅ በኮኑ እንቅስቃሴ ይሰነጠቃል። ሙጫው 24 ሰዓት ከደረቀ በኋላ ቁራጮቹን ያውጡና ኮኑን በአሥሩም ጣቶችዎ ዙሪያውን እኩል ይዘው ቀስ ብለው ወደ ታች ይጫኑት። ጆሮዎን ጠጋ ሲያደርጉ ምንም የመፋቅ ድምፅ ካልተሰማ ክዳኑን መልሰው ያጣብቁ።

ጥያቄ፦ የወንድሜ መኪና ሰብዉፈር አንድ ቀን የተቃጠለ ነገር ሸተተና ከዚያ ወዲህ ፈጽሞ ድምፅ የለውም። ኮኑ ሲታይ ግን ደኅና ነው። ተስፋ አለው?

መልስ፦ ይህን የሚነግረን መልቲሜትር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ነው። ገመዶቹን ከአምፕሊፋየሩ (ድምፁን ከሚያጎላው መሣሪያ) ነቅላችሁ፣ ገመድ በሚታሰርባቸው የሰብዉፈሩ ሁለት መያዣዎች ላይ ኦሙን፣ ማለትም ኮይሉ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበትን መጠን፣ ለኩ። 4 ኦም ተብሎ የተጻፈበት ደኅና ኮይል አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ጥቂት ዝቅ ብሎ በ3.2 እና በ3.8 መካከል ያነባል፤ ሁለት ኮይል ያለው ከሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይለካል። በምትለኩበት ጊዜ ኮኑ አይነካ፤ ሲንቀሳቀስ ራሱ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያመነጭ ቁጥሩ ይዋዥቃል።

መልቲሜትሩ ምንም መስመር ካላገኘ አንድ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው። ቁጥሩ ከሚጠበቀው ግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ የኮይሉ ሽቦ ሽፋኑ ተቃጥሎ እርስ በርሱ ተገናኝቷልና፣ አምፕሊፋየሩን ይዞት እንዳይሄድ ዳግመኛ አታገናኙት። የተቃጠለ ኮይል የሚታደሰው ኮይሉን፣ ኮኑን፣ የዳሩን ስፖንጅና ከሥር ያለውን ሞገዳማ ጨርቅ አንድ ላይ በመቀየር ነው። ለዚያ ሞዴል የተዘጋጀ መለዋወጫ ከተገኘና ሰብዉፈሩ በመጀመሪያም ጥሩ ከነበረ ያዋጣል፤ ተራ ዕቃ ከሆነ ግን አዲስ መግዛትን እመርጣለሁ። ወድቆ ማግኔቱ ከቦታው የተንሸራተተ ከሆነም አልነካውም።

ወንድምሽ ምክንያቱንም ማወቅ አለበት። ብዙ ሰው ሰብዉፈር የሚያቃጥለው ትልቅ አምፕሊፋየር ብቻ ይመስለዋል። ትንሹም ከአቅሙ በላይ ሲጮኽ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ ጠፍጣፋ ስለሚሆን፣ ወደ ኮይሉ የሚሄደው አማካይ ኃይል ይጨምርና ኮይሉ ከመጠን በላይ ይግላል። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው የጌን ማስተካከያ ከቴፑ ከሚመጣው ሲግናል ጋር ለማጣጣም የተሠራ ነው፤ እንደ ድምፅ መጨመሪያ እስከ መጨረሻው የሚያዞረው ሰው አዲሱንም ያቃጥለዋል።

ጥያቄ፦ ሰብዉፈሬ መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ቤዙ ሲበረታ ድምፁ ብልጭ ድርግም ይላል። ኮይሉ ነው?

መልስ፦ በመጀመሪያ የምጠረጥረው ከመያዣው ወደ ኮኑ የሚሄደውን የተጎነጎነ ስስ ሽቦ ነው። ኮኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር አብሮ ስለሚታጠፍ፣ ከዓመታት በኋላ ከመያዣው ወይም ከኮኑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበጠሳል። መልቲሜትሩን ድምፅ በሚሰጥበት ደረጃ ላይ አድርገው ኮኑን በእጅዎ ቀስ ብለው ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ ጩኸቱ ከተቋረጠ አገኙት። ለድምፅ ማጉያ በተሠራ ተመሳሳይ ሽቦ ይተኩትና በስታኞ ይበይዱት፤ ተራ የመዳብ ገመድ ቶሎ ይሰበራል። ርዝመቱም ኮኑ እስከ መጨረሻው ሲወጣ የማይወጠር ይሁን።

ሰብዉፈሩን ከመፍታትዎ በፊት ግን የአምፕሊፋየሩን ማሳ (ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረውን የኔጌቲቭ ገመድ) ይመልከቱ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰብዉፈር ከሳጥኑ አውጥቼ ሁሉንም ለክቼ ምንም ሳላገኝ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ የማሳው ብሎን ቀለም ላይ መታሰሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፍቄ መልሼ ሳስረው ችግሩ ቀረ።

ጥያቄ፦ ስፖንጁን ራሴ ቀይሬ መለስኩት፤ ይጮኻል፣ ቤዙ ግን ቀጥኗል።

መልስ፦ ሁለት ኮይል ካለው አንዱ በግልባጭ ተገናኝቶ እርስ በርስ እየተጠፋፉ ሊሆን ይችላል። የ1.5 ቮልት ባትሪ ፖዘቲቩን በፖዘቲቩ፣ ኔጌቲቩን በኔጌቲቩ ለአንድ አፍታ ሲያስነኩ ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ ሁለቱንም ኮይሎች በየተራ ይሞክሩ። ይህ ትክክል ከሆነ ሳጥኑ አየር እያስወጣ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳ የሌለው ዝግ ሳጥን ከሆነ ኮኑን በቀስታ ጫን አድርገው ይልቀቁት፦ አየር የማያስወጣ ሳጥን ኮኑን ዝግ ብሎ ይመልሰዋል፣ የሚያስወጣ ግን ወዲያው ያስፈነጥረዋል። ያን ጊዜ ብሎኖቹን ይፍቱና በፍሬሙና በእንጨቱ መካከል ያለውን ማሸጊያ አዲስ ያድርጉለት።