ደመወዙ ጨመረ፣ እኛስ ተሻለን?

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማህበራችን አባላት፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

የኦዲት ሪፖርቱን ሰምታችኋል። ቁጠባችን ካምናው ጨምሯል፤ ብድራችንም ጨምሯል። ስታጨበጭቡም አይቻለሁ። ደስታችሁን ለማጥፋት አልቆምኩም፤ ግን ቦርዱ ይህን ሰዓት የሰጠኝ አንድ ጥያቄ እንድመልስ ነው። መካከለኛ ገቢ አላቸው የምንባል ቤተሰቦች ኑሯችን እየተሻሻለ ነው ወይ? መልሴን አላቆይባችሁም። አብዛኞቻችን አልተሻለንም። የተሻለለትም አለ፤ እሱ ግን የተሻለለት በደመወዙ አይደለም።

"መካከለኛ" ማን እንደሆነ እንኳ አልተስማማንም። የአፍሪካ ልማት ባንክ በ2011 እ.ኤ.አ. በቀን ከ2 እስከ 20 ዶላር የሚያወጣን ሰው ከመካከለኛው መደብ ቆጥሮት ነበር። ሁለት ዶላር! እኔ በዚህ አልሄድም። ለዛሬው ወሬያችን መካከለኛ ማለት የወር ደመወዝ ያለው፣ ልጆቹን ከፍሎ የሚያስተምር፣ ወሩ ሳያልቅ ብሩ የሚያልቅበት ሰው ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነን።

ከግብሩ ልጀምር። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከፍተኛው 35 በመቶ የሚያርፈው ከ10,900 ብር በላይ በሆነው ገቢ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 22 ብር ገደማ ነው። 10,900 ብር ማለት ወደ 500 ዶላር ማለት ነበር። ትልቅ ደመወዝ ነው፤ አለቃ ደመወዝ። ሐምሌ 2017 ላይ አዋጁ ሲሻሻል 35 በመቶው የሚጀምርበት ወለል ወደ 14,000 ብር ከፍ አለ። ነገር ግን ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሬ ለገበያ ተለቆ ስለነበር ዶላሩ ከ130 ብር በላይ ሆኗል። 14,000 ብር በዚህ ስሌት ከመቶ ዶላር ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ድሮ የአለቃ የነበረው የግብር እርከን አሁን የተራው ባለሙያ ሆኗል።

"እኛ ጤፍ በዶላር አንገዛም" የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ በጤፍ እንቁጠረው። በ2008 አንድ ኩንታል ነጭ ጤፍ ከ3 ሺህ ብር በታች ይገኝ ነበር። 10,900 ብር ሦስት ኩንታል ገዝቶ ይተርፈዋል። ዛሬ ኩንታሉ ከ10 ሺህ በላይ ነው። 14,000 ብር ይዛችሁ እህል በረንዳ ብትሄዱ ሁለተኛውን ኩንታል አትሞክሩትም።

ፍትሃዊ ለመሆን፣ የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በ2018 መጀመሪያ ላይ በደንብ ተጨምሯል። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ወጥቷል። ይህን ማናናቅ አይገባም። ግን ወረቀቱን ገልብጡት። በአዲሱ ግብር 2,100 ብር ይቆረጣል፤ 7 በመቶ ጡረታ ደግሞ 805 ብር። እጁ ላይ የሚገባው 8,595 ብር ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ልከራይ ይበል። ከምግብ በፊት፣ ከታክሲ በፊት።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገሬ። አንድ ቢሮ ውስጥ፣ በአንድ ደረጃ፣ እኩል ደመወዝ የሚበሉ ሁለት ሰዎች አስቡ። አንደኛዋ ከብዙ ዓመት በፊት የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶላታል። ሃያ በመቶውን ከፈለች፤ ቀሪውን በባንክ ብድር ቀስ እያለች ትከፍላለች። የወር ክፍያዋ ያኔ በተወሰነው ዋጋ ነው የቆመው። ብር በወደቀ ቁጥር ዕዳዋ እየቀለለ ሄደ። ሁለተኛው በ2005 ተመዝግቦ፣ በየወሩ ቆጥቦ፣ እስካሁን ይጠብቃል። የቤት ኪራይ አዋጅ በ2016 ወጥቶ የውል ዘመን ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን መደንገጉ ትንሽ እፎይታ ሰጥቶት ይሆናል። ቢሆንም ከደመወዙ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው አከራዩ ነው። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት ጉብዝና አይደለም፤ ቆጣቢነትም አይደለም። ዕጣ ነው።

ዕጣ የወጣላትስ ሀብታም ሆነች? ቤቱ ሚሊዮኖች ያወጣል ይላሉ። አሥር ዓመት የተነዳች ቪትዝ መኪናም ከሚሊዮን በላይ ትጠራለች። ግን ቤቱን ሸጣ የት ልትገባ? ልጇ ደግሞ ነገ ትዳር ሲይዝ ያንኑ የናረ ዋጋ ነው የሚጋፈጠው። እናት በወረቀት አተረፈች፤ ልጅ በኪሱ ከፈለ። ቤተሰቡን አንድ ላይ ስትደምሩት ትርፉ ይጠፋል።

ቆጣቢው ደግሞ የባሰ ተጎድቷል። ይህ እኛን ይመለከታል። ከ2010 ጀምሮ የባንክ ቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ነው። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። 100 ሺህ ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 107 ሺህ አገኘ፤ በ100 ሺህ ይገዛ የነበረው ዕቃ ግን ከ130 ሺህ በላይ ገባ። አሁን ንረቱ ከዚያ ረግቧል። ረገበ ማለት ግን ዋጋው ወረደ ማለት አይደለም፤ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ነው። የጠፋው አልተመለሰም።

እንግዲህ ቅድም ያጨበጨባችሁለት የቁጠባ ዕድገት ቁጥሩ እውነት ነው፤ ኦዲተሩን አልከስም። የመግዛት አቅሙ ግን ሌላ ነገር ነው። ብድሩም ቢሆን አብዛኛው ለመኪናና ለቤት አልወጣም። ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለሕክምና፣ ለመስከረም ወጪ ነው የወጣው። ማመልከቻዎቹን የማነበው እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ።

ደመወዙንም ምንዛሬውንም እዚህ ሆነን አንወስንም። በእጃችን ያለው የትርፍ ድርሻው ነው። የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፤ ዘንድሮ ሙሉውን በጥሬ ብር ከማከፋፈል ግማሹን እናቆይ። ጥር ላይ አዝመራው ሲገባ፣ ዋጋው ረገብ ሲል፣ በቀጥታ ከገበሬዎች ዩኒየን ጤፍ እንግዛበት። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ክረምቱን ያልፋል። አባላት በገዛንበት ዋጋ ወስደው ከደመወዛቸው በየወሩ ይከፍላሉ። ማንንም ሀብታም አያደርግም። ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለጤፍ ብላችሁ ከእኛው እንዳትበደሩ ያደርጋል።

የመጋዘንና የማጓጓዣው ስሌት በእጃችሁ ባለው ወረቀት ጀርባ አለ። ስሌቱ ላይ ጥያቄ ያለው ከድምፅ መስጠቱ በፊት ይጠይቀኝ፤ ማይኩ እዚያ መሐል ላይ ነው።