አውራው ፓርቲ ወንበሩን ሲያጣ
(የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ውድ እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ።

የሒሳብና የኦዲት ሪፖርቱ ከሰዓት በኋላ ይቀርባል፤ እኔ አልነካካውም። የተሰጠኝን ጥቂት ደቂቃ በዘንድሮው የጥናት ርዕሳችን ላይ ላውለው። ለአሥርት ዓመታት ብቻውን የገዛ አውራ ፓርቲ፣ የምር ምርጫ ሲመጣ ምን ይውጠዋል?

«ይፈርሳል» የምንል አለን። «ስሙን ቀይሮ ይመለሳል» የምንልም አለን። ሁለቱም ሆኖ ታይቷል። እኔን የሚስበኝ ግን የሽንፈቱ ማግስት ነው። ያን ቀን ጠዋት መኪናው የለም፣ የመንግሥት ካዝና የለም፣ ስልክ ደውሎ «እንዲህ አድርጉ» የሚል ፕሬዚዳንት የለም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ፓርቲ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሲሾም የበላው ነው ሲሻር የሚያንቀው።

ሜክሲኮን እንይ። (የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኋላ ፒአርአይ የተባለው ፓርቲ በ1929 ተመሥርቶ 71 ዓመት ገዛ። እዚያ አገር «ዴዳሶ» የሚሉት ነገር ነበር። ቃሉ የመጣው ጣት ከሚለው ነው። ተሰናባቹ ፕሬዚዳንት ጣቱን ይቀስራል። የተጠቆመው ሰው እጩ ይሆናል። እጩው ፕሬዚዳንት ይሆናል። አለቀ።

ይህ አሠራር በአንድ ሌሊት አልፈረሰም። በ1989 ፓርቲው በባሃ ካሊፎርኒያ ግዛት ተሸነፈ፤ ሽንፈቱንም ተቀበለ። በ1996 የምርጫ ተቋሙ ከመንግሥት እጅ ወጣ። በ1997 በታችኛው ምክር ቤት የነበረው አብላጫ ወንበር አመለጠው። በ1999 ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ዜዲዮ ጣታቸውን ሰበሰቡ፤ የፓርቲው እጩ በሕዝብ ድምፅ ተመረጠ። እጩው ግን ሐምሌ 2000 ላይ በቪሴንቴ ፎክስ ተሸነፈ። ዜዲዮ በዚያው ምሽት ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የተቀናቃኛቸውን ድል አረጋገጡ። ከራሳቸው ፓርቲ ይቅር ያላላቸው ብዙ ሰው ነበር።

ታዲያ ጣቱ ሲጠፋ ማን ተካው? የግዛት ገዢዎቹ። ፓርቲው ከግዛቶቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ገና በእጁ ነበሩ። እያንዳንዱ ገዢ በየሰፈሩ ትንሽ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ2006 ምርጫ ፓርቲው ሦስተኛ ወጣ። በ2012 ግን ከእነዚሁ ገዢዎች መሃል የወጡት ኤንሪኬ ፔኛ ኒዬቶ አሸንፈው ቤተ መንግሥቱን አስመለሱለት።

ብዙ ሰው ይህን «ፓርቲው ተለወጠ» ብሎ ያነበዋል። እኔ አልስማማም። ፓርቲው ጠበቀ እንጂ አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ በፓርቲው ስም የተመረጡ ገዢዎች አንድ በአንድ በሙስና ተከሰው ታሰሩ። በ2018 የፕሬዚዳንት እጩው ያገኘው ድምፅ 16 በመቶ አካባቢ ነው። በ2023 ደግሞ ከ1929 ጀምሮ እጁ ላይ የነበረችውን «ሜክሲኮ» የተባለችውን ግዛት (ስሟ ከአገሪቱ ስም ጋር አንድ ነው) ተነጠቀ።

ታይዋን ውስጥ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። አውራው ፓርቲ ኩሚንታንግ በ1949 የታወጀውን ወታደራዊ አዋጅ ያነሳው በ1987 ነው፤ 38 ዓመት መሆኑ ነው። በ1996 የመጀመሪያውን ቀጥተኛ የፕሬዚዳንት ምርጫ በሊ ቴንግ ሁዊ አሸነፈ። ምን ችግር አለ፣ ዴሞክራሲውንም እኛው አሸነፍነው ያሉ ይመስለኛል። በ2000 ግን ለሁለት ተሰነጠቀ። ከፓርቲው የወጡት ጄምስ ሱንግ 36.8 በመቶ አገኙ፤ የፓርቲው እጩ ሊየን ቻን 23.1። ተቃዋሚው ቼን ሹይ ቢያን በ39.3 በመቶ ሾልከው አለፉ። የሁለቱን ተሸናፊዎች ድምፅ ደምሩት እስቲ።

የተቆጡ ደጋፊዎች የፓርቲውን ዋና ጽሕፈት ቤት ከበቡ። ሊቀመንበሩ በቀናት ውስጥ ለቀቁ። ከዚያ የመጣው ሥራ አሰልቺ ነው፤ ለእኔ ዋናው ነገር ያለው ግን እሱ ላይ ነው። አባላቱ እንደ አዲስ ተመዘገቡ፤ ወረቀት ላይ ብቻ የነበረ ብዙ ስም ተራገፈ። ሊቀመንበሩን አባላት በቀጥታ እንዲመርጡ ተወሰነ። በ2001 የቀረበው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ ልማድ ቶሎ አይለቅም። በ2005 ግን ሁለት ሰዎች የምር ተፎካከሩና ማ ዪንግ ጂዩ አሸነፉ።

በማግስቱ ዓመት ፓርቲው ያን ትልቅ ሕንጻውን ሸጠ። ሕንጻው የቆመው ከፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነበር። በየቀኑ በመስኮት ያጡትን ወንበር እያዩ መሥራት ምን እንደሚመስል አስቡት! በ2008 ማ 58 በመቶ ድምፅ አግኝተው ፓርቲውን ወደ ሥልጣን መለሱት። የፓርቲው ሀብት ጉዳይ ግን አልተዘጋም፤ በ2016 ያላግባብ የተያዘ የፓርቲ ንብረትን የሚመረምር ሕግ ወጣበት።

ከእኛው አህጉር ሁለት ብቻ ልጥቀስ። የዛምቢያው ገዢ ፓርቲ ዩኒፕ በ1991 ከ150 ወንበር 25 ብቻ አገኘ። መሪው ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ ከ27 ዓመት በኋላ በሰላም ወረዱ፤ ፓርቲው ግን ያለ እሳቸው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ከሰመ። የማላዊው ኮንግረስ ፓርቲ የፕሬዚዳንቱ የካሙዙ ባንዳ የግል ዕቃ ይመስል ነበር። በ1994 ወደቀ፤ መሃል አገር ያለውን መሠረቱን ይዞ 26 ዓመት ተቃዋሚ ሆኖ ኖረ። በ2020 በፓስተር ላዛሩስ ቻክዌራ መሪነት፣ ከሌሎች ጋር ተጣምሮ ተመለሰ። የድሮው መሪ ጥላ ያልዋጠው ለምን ይሆን? ነገ ጠዋት የሚቀርብ ጥናት ስላለ አልቀድመውም።

አሁን ወደ ራሳችን። እኔ ይህን ማኅበር ሦስት የሥራ ዘመን መርቻለሁ። ደንባችን ከዚህ በላይ አይፈቅድም፤ ደግ አደረገ። ባለፈው ወር ለሥራ አስፈጻሚው «ቀጣዩ ሊቀመንበር እገሌ ቢሆን ጥሩ ነው» ብዬ ሹክ አልኩ። ለማኅበሩ አስቤ ነው፣ በእውነት። አንዲት ወጣት አባላችን ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይሄማ ዴዳሶ ነው» አለችኝ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፤ ትንሽ ግን አፈርኩ። ጥቆማዬንም አነሳሁ።

ስለዚህ ነገ ከሰዓት ሦስት እጩዎች ይቀርባሉ። ድምፅ አሰጣጡ በምስጢር ነው። የአባልነት መዋጮ ያላጠናቀቃችሁ በሩ ላይ ያለው ጠረጴዛ ዘንድ ጎራ በሉ፤ ካርድ የሚሰጠው እዚያ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።