ጀሪካኑ ለምን ቡናማ ሆነ? የድሮ ፎቶና የሞዴል ቀለም

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ! ከቡራዩ ነው የማናግራችሁ። ከጀርባዬ የምትሰሙት ጩኸት የጎረቤት ወፍጮ ነው። በር ዘጋሁ፣ መስኮት ዘጋሁ፣ ብርድ ልብስ ሰቀልሁ፤ አልሆነም። እንግዲያው ወፍጮ ቤቱን ራሱን ሥራ አስገባዋለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው የፖቴዝ 25 ሞዴል ነው፤ መጠኑ 1 ለ72። ነሐሴ 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የፈረንሳይ አውሮፕላን ዓይነት ማለት ነው። ቀለም ልቀባው ነው፤ በእጄ ያለው ግን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ብቻ።

ባለፈው ቪዲዮ ሥር ስንቶቻችሁ ጻፋችሁልኝ! «ለኮምፒውተር ስጠው፤ ፎቶው ውስጥ የተደበቀውን ቀለም ያወጣዋል።» አያወጣውም። ያልገባ ነገር አይወጣም።

ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ከረጢታችሁን ሚዛን ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ አምስት ኪሎ ይላል። ጤፍ ይሁን፣ ሽሮ ይሁን፣ በርበሬ ይሁን፣ ሚዛኑን ምን ቸገረው? ጥቁርና ነጭ ፎቶም እንዲሁ ነው፤ የብርሃኑን ክብደት እንጂ የከረጢቱን ሆድ አያውቅም። አሁን የወፍጮ ቤቱን ልጅ አስቡት። ከረጢቱን ሳይፈታ ይገምታል። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል «ሽሮ ነው» ይላል፤ ብዙ ጊዜም ይሳካለታል። እናቴ በዚያው ሰሞን ገብስ ይዛ የሄደች ዕለት ግን ገብሱ ከሽሮ ተርታ ተሰለፈ። (በርበሬ በተፈጨበት ወፍጮ ጤፍ ያስፈጨ ሰው ይህን ቪዲዮ በእንባ ነው የሚያየው።)

ፎቶ የሚያቀልመው ፕሮግራም ይህ ልጅ ነው። እልፍ ባለቀለም ፎቶዎች ስላየ ሰማይና ሣር ላይ ብዙም አይሳሳትም። የአውሮፕላን ክንፍ ግን ብርማም፣ አረንጓዴም፣ ቢጫም ሊሆን ይችላል። ሲቸግረው መሐል ላይ ይቆማል፤ መሐሉ ደግሞ የፈዘዘ ቡናማ ነው።

አላመናችሁም? የቤታችንን ቢጫ ጀሪካን በስልኬ አነሣሁ፣ ቀለሙን አጠፋሁ፣ ለፕሮግራሙ ሰጠሁት። ቡናማ ጀሪካን መለሰልኝ! በትክክል የወጣችው እጀታውን የያዘችው ጣቴ ብቻ ናት።

የባሰም አለ። ሚዛኑ ራሱ ቢያዳላስ? በርበሬ ሲጫንበት «ባዶ ነኝ» የሚል ሚዛን ቢሆንስ? እንዲህ ያለ ፊልም ነበር፤ ኦርቶክሮማቲክ ይባላል፤ ቀይ ብርሃን አይሰማውም። ቀዩ ጥቁር፣ ቢጫው ጠቆር ያለ፣ ሰማያዊው ነጣ ያለ ሆኖ ይወጣል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ምልክት ዙሪያ ያለው ቢጫ ቀለበት በአንዳንድ ፎቶ ላይ ከሰማያዊው ጠቁሮ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ቀይንም የሚያየው ፓንክሮማቲክ በ1906 እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ቢወጣም ኦርቶው ለብዙ ዓመታት አብሮት ኖሯል። ስለዚህ ዓመቱን ማወቅ ብቻ አይበቃም።

አሠራሩን በፍጥነት፤ ባለቀለም የስልክ ፎቶ የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን ሦስት ንብርብር ነው፤ እያንዳንዱ ቻናል ይባላል። ፎቶው ውስጥ ቀለሙን የምታውቁትን ነገር ፈልጉ። ባንዲራ ካለ ዕድለኞች ናችሁ፤ ቀዩ ከአረንጓዴው እጅግ ከጠቆረ ኦርቶን ጠርጥሩ። የገመታችሁትን ቀለም ፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ቀቡ፣ ከባንዲራ ጋር አንሡት፣ ኦርቶ ከሆነ ቀዩን ቻናል አጥፉና ወደ ግራጫ ቀይሩ፣ ከፎቶው ጋር አስተያዩ። ግራጫው ካልገጠመ ግምቱ ወደቀ። ከገጠመስ? ገና አልወደቀም፤ በቃ ይኸው ነው። ኮምፒውተር የቀባውን አትሞ «ማስረጃ ይኸውልህ» የሚለኝ ሰው ግን ደሜን ያፈላዋል።

እኔ ሦስት ቁራጭ ቀብቻለሁ። ጥቁር አረንጓዴው ወድቋል፤ ብርማውና ፈዛዛው ግራጫ ይፎካከራሉ። የትኛው እንዳሸነፈ የምታዩት ሞዴሉ ላይ ቀለሙን ስረጭ ነው፤ የቻናሉ ቤተሰብ ያልሆናችሁ እስከዚያ ቤተሰብ ሁኑ። አሁን ቀለም መርጫውን አየር የሚሰጠውን ኮምፕሬሰር ላስነሣና... ሰማችሁ? ወፍጮው ዝም አለ። መብራት ሄደ።