ቬቶ የሌላቸው አሥሩ ወንበሮች

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የጸጥታው ምክር ቤት በተነሣ ቁጥር ወሬው ወዲያው ወደ አምስቱ ቋሚ አባላትና ወደ ቬቶ፣ ማለትም አንዱ ቋሚ አባል ብቻውን ውሳኔ ወደሚጥልበት መብት፣ ያመራል። እኔ ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ቀሪዎቹ አሥር፣ ማለትም በጠቅላላ ጉባኤው ተመርጠው ሁለት ዓመት አገልግለው ስለሚሰናበቱት ተለዋጭ አባላት ነው። ብዙ ሰው አጃቢ አድርጎ ይመለከታቸዋል፤ ለዚህም ምክንያቱ ቬቶ ስለሌላቸው ነው ይላል። በእኔ እምነት ግን አሥሩን ከሁሉ በላይ የሚያደክማቸው የቬቶ እጦት ሳይሆን የውሳኔ ረቂቁን የሚጽፈው እጅ የእነርሱ አለመሆኑ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

ምክር ቤቱ በ1946 ሥራ ሲጀምር ከነበሩት 11 አባላት መካከል የሚመረጡት 6 ብቻ ነበሩ። ከቅኝ ግዛት ነፃ የወጡ የአፍሪካና የእስያ አገሮች በጠቅላላ ጉባኤው ውስጥ እየበዙ ሲሄዱ፣ በ1963 ጸድቆ በ1965 የጸና የቻርተሩ (የድርጅቱ መመሥረቻ ሰነድ) ማሻሻያ ተመራጮቹን ወደ 10፣ ውሳኔ ለማሳለፍ የሚያስፈልገውንም ድምፅ ከ7 ወደ 9 ከፍ አደረገ። ይህ ዘጠኝ የሚለው ቁጥር የሚገባውን ያህል አይወራለትም። አምስቱ ኃያላን በአንድ ድምፅ ቢስማሙ እንኳ ቢያንስ አራት ተመራጮች ካልደገፏቸው አንዲት ውሳኔ ማሳለፍ አይችሉም፤ ሰባት ተመራጮች ድጋፋቸውን ከነፈጉም ማንም ቬቶ ሳይጠቀም ረቂቁ ይወድቃል። በ2003 መጀመሪያ አሜሪካና ብሪታንያ በኢራቅ ላይ ጦር ለማንሣት መንገድ የሚከፍት ሁለተኛ ውሳኔ ሲፈልጉ አንጎላ፣ ካሜሩን፣ ቺሊ፣ ጊኒ፣ ሜክሲኮና ፓኪስታን ከፍተኛ ግፊት እየተደረገባቸው የድጋፍ ቃላቸውን ሳይሰጡ ቆዩ፤ ረቂቁም ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ፈረንሳይ ቬቶ እንደምትጠቀም ማስጠንቀቋ እርግጥ ነው። ሆኖም ዘጠኝ ድምፅ ተገኝቶ በአንድ ቬቶ መሸነፍና ዘጠኙን ድምፅ ጭራሹን ማጣት በፖለቲካ ሚዛን እኩል አይደሉም። ጦርነቱ አልቀረም፤ የምክር ቤቱን ፈቃድ ግን ይዞ አልተጀመረም።

ደጋግሜ የማስበው ሌላ አጋጣሚ የዲሴምበር 2016ቱ ነው። ግብፅ የእስራኤልን ሰፈራዎች የሚመለከት ረቂቅ አዘጋጅታ፣ ድምፅ ሊሰጥበት ሲል በደረሰባት ግፊት ወደ ኋላ አለች። በማግስቱ ማሌዥያ፣ ኒውዚላንድ፣ ሴኔጋልና ቬኔዝዌላ ያንኑ ረቂቅ ተረክበው አቀረቡት፤ በ14 የድጋፍ ድምፅና በአሜሪካ ድምፀ ተአቅቦ ውሳኔ 2334 ሆኖ ጸደቀ። አንዱ ተመራጭ ሲታጠፍ የሚተካው ሌላ ካለ፣ በአንድ ዋና ከተማ ላይ የሚደረግ የስልክ ግፊት ሐሳቡን ሊገድለው አይችልም። በማርች 25 ቀን 2024 ደግሞ አሥሩም በጋራ ያቀረቡት፣ በረመዳን ወር በጋዛ ተኩስ እንዲቆም የሚጠይቀው ውሳኔ 2728 በዚያው 14 ለባዶ በሆነ ውጤት አለፈ። በመሬት ላይ ተኩሱን አላስቆመም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። በጁን 2025 አሥሩ ዳግም ተባብረው ያቀረቡት ረቂቅም 14 ድምፅ አግኝቶ በአሜሪካ ቬቶ ወድቋል። ቢሆንም አሥሩ በአንድነት ሲቆሙ፣ ቬቶ የሚያነሣው አገር ጉዳዩን የኃያላን ፉክክር ብቻ አስመስሎ ማለፍ ይቸግረዋል።

እንዲህ ያሉት ጊዜያት ግን ጥቂት ናቸው። በአብዛኞቹ ጉዳዮች ላይ ረቂቅ የሚያዘጋጁት አሜሪካ፣ ብሪታንያና ፈረንሳይ ናቸው። ተመራጩ ረቂቁ እጁ ሲገባ ብዙ ጊዜ ዋናዎቹ ተደራድረው ጨርሰዋል፣ ድምፅ የሚሰጥበትም ቀን ደርሷል፤ ከዚያ በኋላ አንድ ሐረግ ከማስለወጥ ያለፈ ዕድል አይኖረውም። በአንጻሩ የማዕቀብ ኮሚቴዎችን መምራት፣ ያ አድካሚና ምስጋና የለሽ ሥራ፣ በአመዛኙ ለተመራጮች ይተዋል። ነገሩን በቁም ነገር ለያዘው ሰው ይህም ቢሆን ቦታ አለው፤ የካናዳው አምባሳደር ሮበርት ፋውለር በ1999 እና በ2000 የአንጎላን የማዕቀብ ኮሚቴ ሲመሩ፣ የአንጎላው አማፂ ቡድን ዩኒታ አልማዝ እየሸጠ መሣሪያ የሚያገኝበትን መንገድ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ተሰማሩ፤ በማርች 2000 የወጣው ሪፖርታቸውም በሥልጣን ላይ የነበሩ ፕሬዚዳንቶችን በስም እስከ መጥቀስ ደረሰ።

ሌላው ችግር ጊዜ ነው። ቻርተሩ ተሰናባች አባል ወዲያው እንዳይመረጥ ይከለክላል፤ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ደግሞ ከ1946 ወዲህ ዛሬም «ጊዜያዊ» ተብሎ የሚጠራ ስለሆነ ብዙው ነገር የሚሠራው በልማድ ነው፤ ልማዱን የሚያውቁት ደግሞ የማይለወጡት አምስቱ ናቸው። አዲሶቹ ሥራ ከሚጀምሩበት ከጃንዋሪ በፊት ሦስት ወር ታዛቢ ሆነው እንዲቀመጡ መደረጉ ጥሩ እርምጃ ነው፤ ይበቃል ለማለት ግን ይከብደኛል። ዳግም የማይመረጥ አባል የሚፈራው ነገር ስለሌለ ይደፍራል የሚሉ አሉ፤ የሚፈራው ግን አለ። የመን በኖቬምበር 1990 በኢራቅ ላይ ኃይል መጠቀምን የፈቀደውን ውሳኔ 678 ከኩባ ጋር ከተቃወመች በኋላ የአሜሪካ ዕርዳታ በእጅጉ ተቀንሶባታል። በ2006 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናትም አንድ አገር ተመራጭ አባል በሚሆንበት ጊዜ ከአሜሪካ የሚያገኘው ዕርዳታ በአማካይ በ59 በመቶ እንደሚጨምር አሳይቷል። ወንበሩ ዋጋ አለው፤ ዋጋ ያለው ነገር ደግሞ ገዢ አያጣም።

ቋሚ አባልና ቬቶ ባይኖሩ ሁሉም ነገር ይስተካከል ነበር ለሚሉ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ምክር ቤት ጥሩ መመልከቻ ነው። 15ቱም አባላቱ የሚመረጡ ናቸው፤ 10ሩ ለሁለት፣ 5ቱ ለሦስት ዓመት። ተሰናባቹ ዳግም መመረጥ ስለሚችል ልምድ ያካበቱ አገሮች አሉት፤ ውሳኔ የሚፈልገው ግን በመጀመሪያ በጋራ ስምምነት ስለሆነ ከባድ ጉዳይ ሲመጣ እርሱም መንቀራፈፉ አልቀረም።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ በሩዋንዳ የዘር ፍጅት የተፈጸመበት 1994 ነው። ቻርተሩ ተመራጭ ሲመረጥ በቅድሚያ ለሰላም ያበረከተው አስተዋጽኦ እንዲታይ ያዛል፤ በተግባር ግን አንድ ክፍለ ዓለም ለወንበሮቹ ልክ ዕጩ ካቀረበ ምርጫው የይስሙላ ይሆናል። በዚያ ዓመት ሩዋንዳ ተመራጭ አባል ነበረች፤ የዘር ፍጅቱን የሚያካሂደው መንግሥት ወኪልም በስብሰባው ላይ ተቀምጦ ሌሎቹ የሚሉትን ያዳምጥ ነበር። ጉዳዩን በስሙ ለመጥራት የታገሉትም ተመራጮች ነበሩ፤ የቼክ ሪፐብሊኩ አምባሳደር ካሬል ኮቫንዳ፣ እንዲሁም በኤፕሪል ወር ተራው ደርሷቸው ሰብሳቢ የነበሩት የኒውዚላንዱ ኮሊን ኪቲንግ። ኪቲንግ የሰብሳቢነታቸው የመጨረሻ ቀን በነበረው ኤፕሪል 30፣ ፍጅቱን በስሙ የሚጠራውን ረቂቅ በግልጽ ስብሰባ ለድምፅ አቀርባለሁ ብለው ካስጠነቀቁ በኋላ አንድ መግለጫ ወጣ። መግለጫው የዘር ማጥፋት ስምምነትን ትርጓሜ ከነቃሉ ሲያሰፍር፣ «ዘር ማጥፋት» የሚለው ቃል ግን እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። በሜይ 17 በሩዋንዳ ላይ የሚጣለው የመሣሪያ ማዕቀብ ለድምፅ ሲቀርብ ብቸኛዋ ተቃዋሚ ሩዋንዳ ሆነች፤ ተመራጭን ለብቻው ከወንበሩ የሚያነሣ አንቀጽም በቻርተሩ ውስጥ ያኔ አልነበረም፣ ዛሬም የለም።