ሩን፦ ከማንሃተን ጋር ብቻ ስሟ የሚነሳ ደሴት

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ሩቅ ነው የምንሄደው። ኢንዶኔዥያ፣ ባንዳ ባሕር መሐል ሩን የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ስፋቷ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፣ እንዳትምታቱ።

ስለ ሩን የተጻፈ ነገር ብታገኙ አንድ ወሬ አይቀርም፤ «በማንሃተን የተለወጠችው ደሴት» የሚለው። ማንሃተን ያው የዛሬዋ ኒው ዮርክ እምብርት ናት። በ1667 እንግሊዝና ሆላንድ ከጦርነት በኋላ ብሬዳ በምትባል የሆላንድ ከተማ ተዋዋሉ። እያንዳንዳቸው የያዙትን ይዘው ይቅሩ ተባለ። ሩን ለሆላንድ ጸናች፣ ማንሃተን ለእንግሊዝ። የሰማ ሁሉ «ወይ ኪሳራ!» ይልና ያልፋል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው። ሩን ላይ ዛሬም ሰው ይኖራል። ልጅ ይወለዳል፣ ትምህርት ቤት ይገባል፣ ከፍ ሲል «እዚሁ ልቅር ወይስ ልሂድ?» ብሎ ይጨነቃል። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለዚያ ልጅ ነው። ግን እሱ ጋ ለመድረስ በገውዝ በኩል ማለፍ አለብን።

ገውዝን ታውቁታላችሁ። መከለሻ ውስጥ ከቅርንፉድና ከቀረፋ ጋር የሚገባው ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ዓለም የሚጠቀምበት ገውዝ በሙሉ የሚወጣው ከባንዳ ትንንሽ ደሴቶች ነበር። ቅርንፉዱም ቢሆን ባንዳ ያለችበት የማሉኩ ደሴቶች ልጅ ነው፤ መነሻው ከባንዳ ወደ ሰሜን፣ እነ ቴርናቴና ቲዶሬ ናቸው።

ፍሬው የኮክ ያህል ነው፣ ቢጫ። ሲበስል ራሱ ይሰነጠቃል። ውስጡ ጠቆር ያለ ዘር አለ፣ ዘሩን ደማቅ ቀይ መረብ የመሰለ ልባስ ጥብቅ አድርጎ ይዞታል። ቀዩ በጣት ቀስ ተብሎ ይላጥና ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እሱ ራሱን የቻለ ቅመም ነው፣ ለብቻው ይሸጣል። ዘሩም ይደርቃል። ደርሶ እንደሆነ ለማወቅ ጆሮ አጠገብ ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ቅርፊቱ ውስጥ ኳ ኳ ካለ ደርሷል። ለቀማው የሚካሄደው ጫፉ ላይ ትንሽ ቅርጫት ባለው ረጅም ቀርከሃ ነው። የፍሬውን ሥጋም አይጥሉትም፤ በስኳር ያበስሉትና ጣፋጭ ይሠሩበታል። ዛፉ እንደኛ ቡና ጥላ ይወዳል፣ ከናሪ በሚባሉ ግዙፍ ዛፎች ሥር ነው የሚያድገው።

ለዚህች ዘር ሲባል የተደረገውን ሳስብ ይዘገንነኛል። በ1621 ያን ፒተርስዞን ኩን የሚባል የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ሹም ጦር ይዞ ባንዳ ገባ። ኩባንያው «ገውዙን ለኛ ብቻ ሽጡ» ይል ነበር። የባንዳ ሰዎች ግን ለጃቫውም፣ ለዓረቡም፣ ለእንግሊዙም መሸጥ የለመዱ ነጋዴዎች ናቸው። ከ15,000 ሕዝብ ውስጥ ደሴቶቹ ላይ የተረፈው 1,000 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ከፊሉ ተገደለ፣ ከፊሉ በረሃብ አለቀ፣ ከፊሉ በባርነት ተጋዘ፣ የቻለ በጀልባ አመለጠ። መሬቱ ተሸንሽኖ ለኩባንያው ሰዎች ታደለ፣ ሥራውን ከሌላ አገር የመጡ ባሪያዎች ሠሩት። ሩን ላይ ደግሞ እንግሊዝ ተመልሳ እንዳትጠቀም ብለው የገውዙን ዛፍ መነጠሩት። ብሬዳ ላይ የተፈረመባት ሩን ይህቺ ናት። ሰዎቿም ዛፎቿም አስቀድመው አልቀዋል። ስለዚህ «ማን ከሰረ?» ሲባል ሆላንድን ብቻ የሚያስብ ሰው ያናድደኛል።

ይሄ ታሪክ ከኛም ጋር ይገናኛል። ያው ኩባንያ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የቡና ችግኝ ወደ ጃቫ አስገባ። መነሻው ከኢትዮጵያ የሆነው ቡና በየመን አድርጎ፣ ከዚያ ወጥቶ፣ በነዚሁ ሰዎች እጅ የጃቫ ሀብት ሆነ። ገውዙም በተራው ከባንዳ ወጣ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ እንግሊዞች ባንዳን ለጥቂት ዓመታት ሲይዙ ችግኙን ወደ ሌሎች ቅኝ ግዛቶቻቸው ወሰዱት። ዛሬ ገውዝ ባንዲራዋ ላይ ያለው አገር ግሬናዳ ናት፣ ካሪቢያን ውስጥ። ቡና ከማን ጓሮ እንደወጣ የምናውቅ ሰዎች የባንዳን ነገር ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገንም።

እሺ፣ ወደ ልጁ እንመለስ።

የዛሬዎቹ የሩን ነዋሪዎች ብዙዎቹ ቅድመ አያቶቻቸው ከሱላዌሲ በኩል፣ ከቡቶን የመጡ ናቸው። ገውዙ ዳግም በቅሏል። ቤተሰቡ ይለቅማል፣ ያደርቃል፣ ይሸጣል፤ ዓሣም ያጠምዳል። ሁለቱም ጥሩ ሥራ ነው። ችግሩ ሁለቱም ደሴቲቱ የሌሏትን ነገሮች ይፈልጋሉ።

መጀመሪያ ውሃ። ሩን ወንዝ የላትም። የሚጠጣው የዝናብ ውሃ ነው፣ በጉድጓድና በታንከር ይጠራቀማል። መብራትም ለረጅም ዓመታት በጄኔሬተር፣ ማታ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር የሚበራው። መብራት ከሌለ በረዶ የለም። በረዶ ከሌለ ደግሞ ያን የመሰለ ቱና ዓሣ ይዘህ ገዢ መምረጥ አትችልም። ቶሎ ለቀረበህ ሰው ትሸጣለህ፣ ባለህ ዋጋ። ገውዙ ቢያንስ ይጠብቅሃል፣ ዓሣው ግን ፋታ አይሰጥም።

ቀጥሎ ባሕሩ። ከሩን እስከ ዋናዋ ባንዳ ኔይራ በትንሽ ጀልባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ከኔይራ ደግሞ የክልሉ ዋና ከተማ አምቦን በፈጣን ጀልባ ስድስት ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፣ ያውም ጀልባው ሲኖር። በዓመት ሁለት ጊዜ ነፋሱ ሲቀየር ማዕበሉ ይከብዳል፣ ጉዞ ይሰረዛል። ምጥ የያዛት ሴት ያን ጊዜ ምን ታደርጋለች? እኔ ስለ ደሴት ሳስብ ከነጭ አሸዋው በፊት ይሄ ጥያቄ ነው የሚመጣብኝ። የቀድሞው የኢንዶኔዥያ ፕሬዚዳንት የጆኮ ዊዶዶ መንግሥት በ2015 በድጎማ የሚሄዱ የጭነት መርከቦችን ወደ ምሥራቁ አገር መላክ ጀምሮ ነበር፣ ሐሳቡ በጣም ትክክል ነው። ግን የመጨረሻዋ ሁለት ሰዓት፣ ያቺ የትንሿ ጀልባ መንገድ፣ አሁንም በነዋሪው ጫንቃ ላይ ናት።

ደግሞ የገውዝ ዛፍ የራሱ ጠባይ አለው። ወንድና ሴት ዛፍ አለው። ከዘር ተክለኸው አበባ እስኪያወጣ ድረስ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፣ ይሄ ዓመታት ይፈጃል። ፍሬ ለማየት ሰባት ስምንት ዓመት፣ ደህና ምርት ለማግኘት ሃያ ዓመት ገደማ መጠበቅ ነው። ስለዚህ አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ሩን ላይ ችግኝ ሲተክል «አርባ ዓመት ሲሞላኝም እዚሁ ነኝ» ማለቱ ነው። ይህን እንዲል የሚያደርገው ምንድን ነው? የገውዝ ዋጋ ብቻ አይመስለኝም። ሲታመም የሚደርስ ጀልባ አለ ወይ? ልጁ ከመንደር ትምህርት ቤት በኋላ የት ይማራል?

በትምህርት ነገር ባንዳ የሚያኮራ ታሪክ አላት። ሞሐመድ ሐታና ሱታን ሻሪር፣ በኋላ አንዱ የኢንዶኔዥያ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሌላው የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት፣ ከ1936 እስከ 1942 ኔይራ ላይ ግዞት ነበሩ። ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የአካባቢውን ልጆች ሰብስበው አስተማሩ። በኋላም በስማቸው የዓሣ ሀብት ኮሌጅ እዚያው ተከፈተ። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፣ ምክንያቱም ከኔይራ የሚማር ልጅ ለበዓል ቤቱ ይመለሳል። አምቦን ወይም ጃካርታ የሄደ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይልካል እንጂ አይመጣም።

ቱሪዝም ያድናታል የሚሉ አሉ። በእርግጥ ባሕሩ ድንቅ ነው፣ ጠላቂዎች ከዓለም ዙሪያ ይመጣሉ። እኔ ግን ለሩን ብመኝ የምመኘው በረዶ ቤት ነው። ከዚያ ገውዙ እዚያው ተለይቶ፣ ታሽጎ፣ በራሷ ስም የሚወጣበት ትንሽ ማኅበር። አስቡት፤ የታሪኳን ግማሽ ዓለም ያውቀዋል፣ ግን ሱቅ ገብታችሁ «የሩን ገውዝ» ብትሉ የሚሰጣችሁ የለም። የኛ ይርጋጨፌ ስሙን ይዞ ለመውጣት ስንት እንደተለፋበት አስታውሱ። ይቻላል። ለዚያ ግን የሩን ሰዎች ዋጋው ሲቆረጥ መቀመጫ ሊኖራቸው ይገባል።

ሰዓቴ አለቀ። በጀልባ አመለጡ ያልኳችሁን ሰዎች አልረሳኋቸውም። ከባንዳ ወደ ካይ ደሴቶች ነው የሄዱት። ባንዳ ኤሊ በሚባል መንደራቸው ዛሬም የድሮውን የባንዳ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ባንዳ ራሷ ላይ የሚናገረው ሳይኖር። የሚቀጥለው ክፍል ስለነሱ ነው። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።